የምሰሶው ጫፍ

ቺካጌ ጫማዋን አውልቃ የጀልባዋን ምሰሶ እስከ ግማሹ ወጥታለች። በአንድ እጇ ብረቱን ጨብጣ በሌላው የምልክት ባንዲራዎቹን ገመድ ትጎትታለች። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ጨርቆች ከጀልባዋ አፍንጫ ተነሥተው እስከ ኋላዋ ድረስ እየተርገበገቡ ነው።

"ኧረ ቀስ በይ! እኔንም ጠልፈሽ ልትሰቅይኝ ነው እንዴ?" አለ ሄይሱኬ ከታች፣ እግሩ ላይ የተጠመጠመውን ገመድ እየፈታ።

ሄይሱኬ ዕድሜውን በአባቷ ጀልባ ላይ የጨረሰ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነው። ዛሬ የቺካጌ አዲስ ጀልባ፣ "ሺራናሚ"፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወደቡ ትነሣለች። ወዳጅ ዘመድ እንደ ወጉ የጀልባዋንና የሰጪውን ስም ያሳተመባቸው ትልልቅ ባንዲራዎች ልኮላታል። መረብ ሠሪውም፣ ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ የምትሸጠው ነጋዴም አልቀሩም። ሁሉም በቀርከሃ ዘንግ ላይ ተሰቅለዋል። የምሰሶው ጫፍ ግን የቤተሰቡ አባወራ ባንዲራ ቦታ ነውና ባዶውን ቀርቷል።

አባቷ ታትሱዞ ምንም አልላከላትም። ካፒቴን እሆናለሁ ባለችው ጊዜ የገዛ ጀልባውን ለሌላ ወደብ ሰው ሸጦባት ነበር። "የባሕሯ እመቤት ቀናተኛ ናት፤ ሴት አትወድም" ይላል። እመቤቲቱስ ምንም አላለችም፤ የፈራው እሱ ነው። ከፀደይ ወዲህ አኩርፏት አንድ ቃል አልተነፈሰም።

"የዓሣ አጥማጆች ማኅበሩን ባንዲራ እንስቀለውና እንገላገል" አለ ሄይሱኬ። "ማንም ልብ አይለውም።"

"ወደቡ ሁሉ አንጋጦ የሚያየው እሱን ነው፤ ማነው ልብ የማይለው?"

"እንግዲያስ ባዶውን ልትወጪ ነው?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሚኝ ልጄ፣ ዛሬ ለምረቃው ወደቡን አብሬሽ እዞራለሁ። አባትሽ ባልመረቀው ጀልባ ነገ መረብ ልጎትት ብል ግን ልቤ እሺ አይለኝም።"

ቺካጌ ያለ ሄይሱኬ መረቡን ብቻዋን አታወጣውም፤ በዚህ ወደብ ደግሞ እሱ እምቢ ካለ ሌላ ሰው አይከተላትም። ቢሆንም ከምሰሶው ወርዳ ባዶውን ገመድ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው።

"ባዶውን ይሁን" አለች። "በአባቴ ቦታ የማንንም አልሰቅልም።"

ጀልባዋን ሊባርክ የመጣው ካህን ጸሎቱን ጨርሶ ሳኬው በጀልባዋ አፍንጫ ላይ ሲፈስ እናቷ ቶዮ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ እያለከለከች ደረሰች።

"አባትሽ ነው የላከው።"

"ምን ብሎ?"

"ለሞተር ዘይት መጥረጊያ ይሆናታል ብሎ።"

ቺካጌ ጥቅሉን ፈታችው። አያቷ፣ ታትሱዞ የመጀመሪያ ጀልባውን ሲያስመርቅ የሰጡት ባንዲራ ነው። በላዩ የተሳለው ፀሐይ ደብዝዟል። መሐሉ ላይ የዚያች የተሸጠችው ጀልባ ስም በትልቁ ተጽፏል፤ "ኮዮ"።

ሄይሱኬ ሳቁ አመለጠው። "የሌላ ጀልባ ስም! ይሄን ሰቅለሽ ብትወጪ እኮ የወደቡ መሣቂያ ነው የምትሆኚው።"

እውነቱን ነው፤ እንዲህ ያደረገ ሰው ታይቶ አይታወቅም። ቺካጌ ግን ጨርቁን እየዳበሰች ነበር። ታጥቧል፣ ተተኩሷል። የተቀደደው ጠርዙም በአዲስ ክር ተሰፍቷል፤ ስፌቱ ግን ጠማማና ወፍራም ነው።

"እማዬ፣ አንቺ ነሽ የሰፋሽው?"

"እኔ? እንዲህ ከሰፋሁማ እጄ ይቆረጥ! ሰሞኑን ካውያዬ ጠፍቶብኝ ቤቱን ሳምስ ነበር። ለካ አባትሽ ነው የደበቀው። መርፌ ወግቶት ሲሳደብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

ቺካጌ ዕንባዋ መጣ፤ በእጅጌዋ ጠረገችው። "ይሳቁ" አለች። "ይሰቀል።"

ሄይሱኬ ጨርቁን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ከእጇ ተቀበላትና "አምጪው እስቲ" ብሎ ራሱ አስሮ ወደ ላይ ሰደደው።

ጀልባዋ እንደ ደንቡ ወደብ ውስጥ ወደ ቀኝ ሦስቴ መዞር ጀመረች። ዳር የቆመው ሰው ጣቱን እየጠቆመ ይንጫጫል።

"ቺካጌ! የማንን ጀልባ ነው የሰረቅሽው?"

"የአባቴን!" ብላ ጮኸች፤ ሳቁ በረታ፤ እሷም ሳቀች።

በሦስተኛው ዙር በማዕበል መከላከያው ግንብ ጫፍ ላይ አንድ ሽማግሌ በትሩን ተደግፎ ቆሞ አየች። ታትሱዞ ነው። እጁን አላውለበለበም። በትሩን ወደ ምሰሶው ቀስሮ ይጮኻል።

"ሄይሱኬ! አንተ ደነዝ፣ ዛሬም ቋጠሮ አታውቅም? ንፋስ ሊወስደው ነው!"

ሄይሱኬ ፊቱ በራ። "መሳደብ ከጀመረማ ታርቋል ማለት ነው" አለ። "ነገ ስንት ሰዓት ነው የምንወጣው?"

"ሳይነጋ።"

"በይ እንግዲህ፣ ቋጠሮውን ላጥብቀው።"

"ተወው።"

ከሦስተኛው ዙር በኋላ የምትመረቅ ጀልባ ሳትቆም በቀጥታ ወደ ባሕር መውጣት ነበረባት። ቺካጌ ግን መሪውን አዞረች፤ ባንዲራዎቹ ሁሉ በአንድ ላይ ተገለበጡ። ግንቡ ሥር ተጠጋች።

"አባዬ! ና ራስህ እሰረው!"

"ጉልበቱን ያመዋል እኮ፤ አይወርድም" አለ ሄይሱኬ በሹክሹክታ።

ቺካጌ ሞተሩን አጠፋችና እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ጠበቀችው።