እሷ ቀና ስትል፣ እሱ ቀና

ሰውየው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ሚስቱ የደንብ ልብስ በሚያመርት ድርጅት ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። ሁለቱም ኑሯቸውን የሚገፉት ተቀምጠው ነው፤ እሱ መሪ ጨብጦ፣ እሷ መርፌ ላይ አቀርቅራ።

ሲጋቡ ዘንካታ ነበረች። ዓመት ዓመትን እየወለደ ሲሄድ ግን ወገቧ ላይ የነበረው ስርጉድ እየጠፋ፣ ጀርባዋ እንደ ጣውላ ለጥ እያለ መጣ። ስትራመድ ከወገቧ በላይ ያለው አካሏ ቀድሟት የሚሄድ ይመስላል። ሾፌሩ «ምን ጥለሽ ነው የምትፈልጊው?» እያለ ይቀልድባት ነበር። እሷም ትስቅለታለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከስፌት መኪናዋ ልትነሳ ስትል ወገቧ እምቢ አላት። ባልደረቦቿ ግራና ቀኝ ደግፈው አወጧት። ክሊኒክ ሄዳ ራጅ ከተነሳች በኋላ ሐኪሙ አጥንቷ ደህና መሆኑን ነግሮ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል መራት። እዚያ የሚሠራው ባለሙያ በዕድሜ ከእሷ ትንሽ የሚያንስ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ታካሚዎቹ አሳጥረው «ፊዚዮው» ይሉታል።

ፊዚዮው መጀመሪያ ግድግዳ ተደግፋ እንድትቆም አደረጋት። በወገቧና በግድግዳው መካከል መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት መኖር ነበረበት፤ የእሷ ግን ወረቀት እንኳ አያሾልክም። ብዙ ዓመት አቀርቅሮ መቀመጥ እንዲህ እንደሚያደርግ፣ ቀስ እያለ የሄደ ነገርም ቀስ እያለ እንደሚመለስ ነገራት። ከዚያ እንቅስቃሴዎቹን አሳያት። በሆዷ ተኝታ በክርኖቿ ተደግፋ ደረቷን ማንሳት፤ ያ ሲለምድላት በመዳፎቿ ወለሉን እየገፋች፣ ዳሌዋን ከምንጣፉ ሳታነሳ ቀና ማለት፤ በእጅና በጉልበቷ ሆና ጀርባዋን እንደ ድመት ማጉበጥና መልሳ ማሰርጎድ። ስትቀመጥ ደግሞ የተጠቀለለ ፎጣ ከወገቧ ጀርባ እንድታደርግ መከራት። ሕመሙ ወደ እግሯ ከወረደ ወዲያው እንድታቆም አስጠነቀቃት፤ አኳኋኗን የሚያይላት ሰው ከቤት ይዛ ብትመጣም ጥሩ ነው አላት።

ማታ ባሏን አብሯት እንዲሄድ ጠየቀችው። እሱ ከስልኩ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ «ሰርግ ነው እንዴ አጃቢ የሚያስፈልገው?» አላት። ሳቀችለት። ደግማ ግን አልጠየቀችውም።

ጠዋት ጠዋት በአልጋውና በቁም ሣጥኑ መካከል ምንጣፍ ዘርግታ ትሠራለች። እሱ ካልሲውን ሲፈልግ ተራምዷት ያልፋል። መጀመሪያ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። እየዋለ እያደረ ግን ሚስቱ መለወጥ ጀመረች። ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ ለማውረድ እሱን መጥራት ተወች። ደረጃ ስትወጣ ታንጎራጉራለች። አንድ ቀን ሊወጡ ሲሉ መስታወቱ ፊት ጎን ለጎን ቆሙና ሾፌሩ ትከሻዋ ከትከሻው እኩል መሆኑን አየ። ሳይታወቀው ተረከዙን ብድግ አደረገ።

ይህን ሁሉ በሆዱ ይዞ ይኖር ነበር፣ የፊዚዮው ስም ከምሳ እስከ እራት ባይነሳ ኖሮ። ፊዚዮው ትራስ አታብዢ ብሏል። ፊዚዮው ሶፋችን ወገብ የሚገድል ዓይነት ነው ብሏል። ሾፌሩ ሶፋውን ራሱ መርጦ፣ ራሱ ተሸክሞ ያስገባው ነው። ቤታችንን ረግጦ የማያውቅ ሰው ስለ ሶፋችን ምን አገባው እያለ አጉረመረመ።

አንድ ምሽት ልብስ ስትተኩስ ስልኳ ጠራና ድምፅ ማጉያውን ከፍታ አነሳችው። ፊዚዮው ነው፤ ቀጠሮ ሊያዛውር ነው የደወለው። «ነገ ትመጫለሽ ወይስ ከነገ ወዲያ ይሻልሻል?» አላት። ሾፌሩ ከንግግሩ ሁሉ ያቺን «ትመጫለሽ» ብቻ ለይቶ ያዛት።

«አንቺ ማለት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?» አላት ስልኩ ሲዘጋ።

«አታንቱኝ አልኩት። ሲያንቱኝ ይበልጥ እጎብጣለሁ» ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

በማግስቱ ተርሚናል ላይ፣ ወሬ ስለማያልቅበት «ሬዲዮ» ለሚሉት ጓደኛው ነገሩን እንደ ቀልድ አስመስሎ ነገረው። ሬዲዮ ምንም የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ግን ዝም ማለት አይሆንለትምና ራሱን ነቅንቆ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አለና ወደ አውቶቡሱ ሄደ። ሾፌሩ ያን ቀን ፌርማታ እየዘለለ፣ ተሳፋሪ እየጮኸበት ዋለ።

በቀጠሮዋ ቀን ፈረቃ ተቀያይሮ ክሊኒኩ ሄደ። ኮሪደሩ ላይ ታካሚዎች ተራ ይጠብቃሉ። የክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። ሚስቱ በሆዷ ተኝታ በመዳፎቿ ቀና ብላለች፤ ፊዚዮው ዳሌዋ እንዳይነሳ የእጁን መዳፍ ወገቧ ላይ አሳርፏል። የሆነ ነገር ሲላት ትንፋሿን ለቀቀችና ከትንፋሿ ጋር ሳቅ ወጣ። ሾፌሩ ሳቁን አወቀው። ሲተጫጩ የሰማው፣ ከዚያ ወዲህ የት እንደገባ ያልጠየቀው ሳቅ ነው።

በሩን በእግሩ ከፈተው።

«እጅህን አንሳ! ባል የሌላት መሰለህ?»

ፊዚዮው ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት አንገታቸውን አስግገው አዩ። እሷ እንደተማረችው በጎኗ ዞራ ቀስ ብላ ተነሳች፣ ጫማዋን አደረገች፣ ፊዚዮውን አመስግና ወጣች። በአውቶቡስ ወደ ቤት ሲመለሱ ከጎኑ ባዶ ወንበር እያለ መንገዱን ሁሉ ቆማ ሄደች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንጣፉ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ገባ። ፎጣው ታጥቦ መታጠቢያ ቤት ተሰቀለ። አልተጣላችውም፤ እራት ታቀርባለች፣ ስለ ልጃቸው ትምህርት ታወራለች፣ ምን ሆነሻል ሲላት «ምንም» ትለዋለች። የፊዚዮው ስም ከቤቱ ጠፋ። ሾፌሩ ያሰበው ተሳክቶለታል፤ ግን ያሸነፈ ሰው እንቅልፍ የሚያጣው ለምን እንደሆነ አልገባው አለ።

ወገቧ እንደገና ለጥ አለ። ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ ይዛ በጎኗ ነው። አንድ ማለዳ ከኩሽና ጠራችውና «እባክህ ያንን ድስት አውርድልኝ» አለችው። እንዲህ ብላ ስትጠራው ደስ ይለው ነበር። አሁን ድስቱን አውርዶ ሲሰጣት ፊቷን ማየት አቃተው።

አንድ እሑድ ደረጃው ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር ለማሰር ስትታገል አገኛት። ጎንበስ ብላ ትሞክራለች፣ ፊቷን ቅጭም አድርጋ ትመለሳለች። እግሯ ሥር ተንበርክኮ ክሩን ያዘላት።

«ያምሻል?» አላት።

ጥያቄው ከማን እንደመጣ ለማረጋገጥ የፈለገች ይመስል አየችው።

«ያመኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ልጃችን ከመወለዷ በፊት ጀምሮ።»

ልጃቸው ዛሬ ከእናቷ እኩል የምትጫማ ኮረዳ ናት። ሾፌሩ ክሩን እንደያዘ ቀረ።

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ? ለእሱ ነገርሽው፣ ለእኔ ግን...»

«እሱ ጠየቀኝ» አለችው። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። «የቱ ጋ ነው የሚያምሽ፣ መቼ ነው የሚብስብሽ፣ እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ አለኝ። አንተ ምን ጥለሽ ነው የምትፈልጊው ነበር የምትለኝ።»

ጫማዋን አሰረላትና ክንዷን ይዞ አስነሳት። በፊዚዮው እጅ ሲቀና የከረመው ባል፣ አሁን በጥያቄዎቹ ቀና። ይሄኛው ባሰበት፤ ጥያቄ ለመጠየቅ ምንም ትምህርት እንደማያስፈልግ ያውቃላ።

በሳምንቱ ብቻውን ክሊኒኩ ሄደ። ፊዚዮው ሲያየው ከጠረጴዛው ጀርባ ብድግ አለ። ሾፌሩ ይቅርታ ጠየቀ። ፊዚዮው ሰምቶት ሲያበቃ ፊቱ አልተፈታም። ያን ቀን ተራ ይጠብቁ ከነበሩት ሴቶች አንዳንዶቹ ተመልሰው እንዳልመጡ፣ የክሊኒኩ ኃላፊም ጠርቶ እንደጠየቀው ነገረው።

«ስሜን ያጠፋኸው ኮሪደር ላይ ነው» አለው። «እዚህ በር ዘግተን ብትመልሰው ምን ይጠቅመኛል?»

ሾፌሩ ጆሮው እስኪቀላ አፈረ። ቢሆንም በሩን ከፍቶ ወጣና ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ፊት ቆመ። በዚህ ሰው ላይ በሐሰት እንደጮኸ፣ ሚስቱን ሲያክማት እንጂ ሌላ ነገር እንዳላየ፣ ቅናት እንዳሳበደው ተናገረ። አብዛኞቹ ስለ ምን እንደሚያወራ አያውቁም። ክራንች የያዙ አዛውንት ግን እስኪጨርስ ጠብቀው «ጎሽ ልጄ። አሁን ትንሽ አረፍ በል፣ ላብህ ይድረቅ» አሉትና ቦታ ለቀቁለት።

ኋላ ፊዚዮው ትንሽ ለስለስ ብሎ አነጋገረው። «ሰው ይዘሽ ነይ ባልኳት ቁጥር ባለቤቴ ሥራ ይበዛበታል ትለኝ ነበር። አሁን ፋታ ካገኘህ፣ መጥተህ እይላት።»

ሚስቱን እንድትመለስ ማሳመኑ ከይቅርታው ይልቅ ከበደው። አንድ ጊዜ አዋርደኸኛል፣ ሁለተኛ አልዋረድም አለችው። ኮሪደሩ ላይ የተናገረውን ሁሉ ሲነግራት ግን ከአልጋው ሥር ምንጣፉን እንዲያወጣላት አዘዘችው። አብሯት ሊሄድ እንደሚችል ነገረችው፤ ነገር ግን ካልተጠየቀ በስተቀር ትንፍሽ እንደማይል ቃል አስገባችው።

ጥግ ላይ ባለች ወንበር ተቀምጦ ፊዚዮው የሚያሳየውን ተማረ። ዳሌዋ ብድግ ሲል መንገር፤ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ሲወጣ ዝቅ አድርጊ ማለት። ቤት ውስጥ ጠዋት ጠዋት ከምንጣፉ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ያያታል። አንዳንዴ ጥያቄ ያበዛባታል፤ እዚህ ጋ ነው፣ እዚያ ጋ ነው፣ ትናንት ይሻል ነበር ወይስ ዛሬ ይሻላል እያለ። «ሾፌር ሳይሆን መርማሪ ነው ያገባሁት» እያለች ትስቃለች።

ቅናቱ ጨርሶ ለቀቀው ማለት ግን ውሸት ይሆናል። ክሊኒኩ ውስጥ ፊዚዮው በተናገረው ስትስቅ አሁንም ይከነክነዋል። ያኔ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን ያያል፤ ወደ ቤት ሲሄዱም ምን ብሎ እንዳሳቃት ይጠይቃታል። ትነግረዋለች። ቀልዱ አብዛኛውን ጊዜ ያን ያህል አያስቅም፤ ይህም ትንሽ ያጽናናዋል።

ወገቧ ሲመለስላት ነገሩን ለራሷ ብቻ አላስቀረችውም። ድርጅቱ ውስጥ አብረዋት የሚሰፉት ሴቶች ሁሉ ወገብ ወገብ ይላሉ። አለቃቸውን አስፈቅዳ፣ ሥራ ሲያልቅ ጨርቅ የሚቆረጥበት አዳራሽ ውስጥ ምንጣፍ አስነጥፋ ታሳያቸው ጀመር። ሕመማቸው የጠናባቸውን ግን መጀመሪያ ሐኪም ይያችሁ እያለች ወደ ክሊኒክ ትልካለች። በእነዚያ ቀናት አምሽታ ስለምትገባ፣ ሾፌሩ ፈረቃውን ሲጨርስ ድርጅቱ በር ላይ ሄዶ ይጠብቃታል።

አንድ ምሽት ከሴቶቹ ጋር እየተሳሳቀች ወጣች። በመካከላቸው ቀጥ ብላ ትራመዳለች። አንዷ ክንዷን ይዛ የሆነ ነገር በጆሮዋ ስትነግራት ቆም ብለው ረጅም ወሬ ያዙ። እሱን አላየችውም። ሾፌሩ ሊጠራት አፉን ከፈተና ተወው። ግንቡን ተደግፎ ወሬዋን እስክትጨርስ ጠበቃት።