በሽተኛ ጠያቂዎች

ለሚመለከተው ሁሉ፦ ጋሽ ኑሪ ዛሬም ምሳቸውን አልጨረሱም። ይህን ቦንጋ ካለው ሱቃቸው ደጅ ቆመው ያወጁት ሚስታቸው እትዬ መኪያ ናቸው።

ጊዜው የሚሊኒየሙ ሰሞን ነው፤ በዚያው ሳምንት በቀበሌው ስብሰባ ላይ አንድ ሐኪም፣ «የጨጓራ ካንሰር ገና ሲጀምር ከተደረሰበት የመዳን ተስፋው ትልቅ ነው። ከአንዳንድ ወረዳ ግን በጣም ዘግይተው ነው የሚመጡት» ብሎ ነበር።

«ጎረቤቶቻችንን ሺሺንዳዎችን ማለቱ ነው» አሉ ጋሽ ኑሪ ለሚስታቸው፣ ሆዳቸውን እያሻሹ።

«የነሱን ተወውና አንተ ገና ሲጀምርህ ሂድ!» አሉ እትዬ መኪያ።

በማግስቱ ጋሽ ኑሪ «በሽተኛ ልጠይቅ» ብለው ሆስፒታል ሄዱ። አግዳሚው ላይ የሺሺንዳው ነጋዴ ከሚልና የዋጫው መምህር ማሙሽ ተቀምጠዋል። እነሱም «በሽተኛ ልንጠይቅ ነው የመጣነው» አሉ።

«የሚዘገዩት ዋጫዎች ናቸው አሉ» አለ ከሚል።

«ኧረ ቦንጋዎች ናቸው!» አለ መምህሩ።

ነርሷ ብቅ አለች። «ለጨጓራ ምርመራ ቁርስ ሳይበላ የመጣ ይነሳ።»

ሦስቱም ተነሱ።