የመስታወቱ ስም

በጋሽ ገሠሠ ባጃጅ የፊት መስታወት ላይ በቢጫ ስቲከር የተጻፈው «ዝማሬ» ነበር፤ የልጃቸው ስም። ጠዋት ዝማሬ ራሱ ይነዳል፤ ከሰዓት፣ እሱ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ቅጥረኛ ደምመላሽ ይረከባል። የቦንጋ ሰው የባጃጅ ሾፌርን የሚጠራው በመስታወቱ ጽሑፍ ስለሆነ ደምመላሽንም «ዝማሬ፣ ገበያ ነህ?» ይሉታል።

«ደምመላሽ ነኝ» ሲል ተራ አስከባሪው፣ «እንግዲያስ የራስህን ግዛና ለጥፍበት!» ይለዋል። ተራ የሚጠብቁት የባጃጅ ሾፌሮች ሰልፍ ይስቃል። ጋሽ ገሠሠም አብረው ስቀው ያውቃሉ። እሳቸው ደምመላሽን «ልጁ» ነበር የሚሉት።

ጥር ላይ፣ ርክክብ ሰዓት፣ ደምመላሽ ዝማሬን በጎማ መፍቻ መትቶ ገደለው። ጋሽ ገሠሠ ጩኸት ሰምተው ሲደርሱ አልሸሸም። ስልኩን ወደ ፊቱ አዙሮ፣ ራሱን በቀጥታ እያስተላለፈ፣ የራሱን ስም እስከ አያቱ እየጠራ ነበር። ፖሊስ እጁን ሲይዘው ቪዲዮው ዋጫና ደካ ከተሞች ድረስ ደርሶ ነበር።

«ቂም የለኝም» አለ ለመርማሪው። «ዝማሬ ጥሩ ልጅ ነበር። አሁን ግን ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ።»

ጋሽ ገሠሠ ይህን ሲሰሙ የገዳዩን ስም ከአፋቸው ላያወጡ ማሉ። ልጃቸው የሞተው ለዚያ ስም ከሆነ፣ ሊነፍጉት የሚችሉት ያንኑ ስም ብቻ ነው። ለቅሶ ቤት ስሙን ያነሳ ሰው ሳይቀር ተነስቶ እንዲወጣ አደረጉ።

ችሎት ላይ ዐቃቤ ሕጉ ጠየቃቸው፤ «ማንን አዩ?»

«እዚያ የቆመውን።»

«በስም ይግለጹልን።»

«አልጠራውም።»

ዳኛዋ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አባቴ፣ ይገባኛል። ግን በስም ካልለዩት ምስክርነትዎ ይጎድላል።»

ጋሽ ገሠሠ ቪዲዮውን አይተው መጥተው የኋላውን ወንበር የሞሉትን ወጣቶች አዩ። ተከሳሹ በነፃ እንዳይለቀቅ ፈሩ።

«ደምመላሽ» አሉ።

«ጮክ ብለው» አሉ ዳኛዋ።

«ደምመላሽ!»

ተከሳሹ ቀና አለ። «አቤት፣ ጋሼ።» ሥራ ላይ እንደሚጠራ ሰው፣ በትሕትና። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ጋሽ ገሠሠ ሁለት ዓመት ሲያሠሩት አንድም ቀን በስሙ ጠርተውት እንደማያውቁ ያን ጊዜ ገባቸው።

ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ባጃጁ ኤግዚቢት ሆኖ በፖሊስ ጣቢያ ግቢ ቆሟል፤ ስቲከሩን ዝናብ ልጦታል። በሰኔ መጨረሻ ሰልፉ ላይ ከሚቆሙት ባጃጆች የሦስቱ መስታወት «ደምመላሽ» ይላል። የሦስቱም ሾፌሮች ስም ሌላ ነው።