አምፖሉን የረገጠው ሰው

እና ከአበባው በኋላ ድምፅ ማጉያውን ይቀበሉና ሁለት ቃል የምስጋና ይላሉ፣ ትለኛለች ሃማና፣ የፕሮፌሰሩ ጸሐፊ፣ አጠር ቢል ደስ ይላቸዋል፣ እሺ? እሺ እላለሁ፣ ፈገግም እላለሁ፣ አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሳሳጥረው ነው የኖርኩት።

ሰውዬው መድረክ ላይ ነው። ሰውዬው አልኩ? እሳቸው ልበል እንጂ፣ የቶኪዮ ትልቅ ሆቴል ነው ያለሁት፣ ፕሮፌሰር ኩራሞቶ ጡረታ እየወጡ ነው፣ ተማሪው የተማሪው ተማሪ ጥቁር ልብሱን ለብሶ ተሰብስቧል፣ ከጀርባቸው ግድግዳው ላይ ያቺ ጋን ትታያለች፣ ተራራ ሥር የተከልናት፣ ሕንፃ የምታክል የብረት ጋን፣ ውሃ እንሞላታለን፣ ግድግዳዋም ወለሏም አምፖል ነው፣ አንዱን አምፖል ሰው በሁለት ክንዱ ነው የሚያቅፈው፣ ከፀሐይ መጥተው ተራራውንም እኛንም አልፈው የሚሄዱ ደቃቅ ቅንጣቶች አሉ፣ ውሃው ውስጥ አልፎ አልፎ ብልጭ ያደርጋሉ፣ አምፖሎቹ ያችን ብልጭታ ይይዛሉ። እወዳት ነበር። ከሰው አብልጬ ነበር የምወዳት።

አንዱ አምፖል ተሰበረ፣ ይላሉ እሳቸው፣ ምክንያቱ እስከ ዛሬ በውል አልታወቀም። አልታወቀም! ዓይኑን በጨው ያጠበ! አዳራሹ ራሱን እየነቀነቀ ያዝንለታል፣ ደሜ ይፈላል፣ ቆይ፣ ቆይ ቺጉሳ ኦቺ፣ ተቀመጪ።

የዛሬ ሃያ ዓመት ነው፣ ጥገናው አልቋል፣ ውሃ ልንሞላ ነው፣ የቡድን ፎቶ ተባለ፣ እኛ ደግሞ ያለ ቡድን ፎቶ ምን ጨርሰን እናውቃለን። ወለሉ አምፖል ስለሆነ የምንቆመው ወፍራም የፎም ሰሌዳ ላይ ነው፣ ከሰሌዳው ውጪ እግር አይወርድም፣ ያን የማስከብረው እኔ ነኝ፣ የወለሉ ኃላፊ። ፎቶ አንሺው፣ ፕሮፌሰር ትንሽ ወደኋላ፣ አሁንም ትንሽ፣ አለ፣ የፕሮፌሰሩ ተረከዝ ከሰሌዳው ወረደ፣ አምፖል ላይ አረፈ፣ ቅጭ። ሩዝ ሲበሉ ጥርስ ላይ ጠጠር እንደሚገባው ያለ ድምፅ። ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

ፕሮፌሰር፣ ይቺ አምፖል ትውጣ፣ አልኩ። ማውጣት ማለት ሥራው ሊዘገይ ነው፣ ባሕር ማዶ ያሉት ተፎካካሪዎች ደግሞ ሊቀድሙን ነው። እንፈትሻት አለ። የእኛ ሰው ሲፈትሽ በጣቱ ይጠቁምና ጮክ ብሎ ልክ ነው ይላል፣ ባቡር ነጂውም እንደዚያ ነው፣ ማዕድን ቆፋሪውም እንደዚያ ነው፣ ጣት ዓይንን እንዲጎትት ነው ነገሩ። ጠቆመ። ልክ ነው! አለ። ሁሉም ጣቱን ቀስሮ ልክ ነው! አለ፣ በአንድ ድምፅ፣ አለቃው ካለ በኋላ ማን አጎንብሶ ያያል? አንድም ሰው አላጎነበሰም። እኔ ላጎነብስ ስል፣ ኦቺ፣ ፎቶው ተበላሸ፣ ተባልኩ፣ ሁሉም ሳቀ።

ውሃው ከፍ ሲል ያቺው አምፖል ሄደች፣ ውስጧ ባዶ ነው፣ ውሃው ጨፈለቃት፣ የእሷ ምት ጎረቤቷን ሰበረ፣ ጎረቤቷ ጎረቤቷን፣ ተራራው ተንቀጠቀጠ፣ ሻይ የያዝኩበት ስኒ ከእጄ ወደቀ፣ በሺህ የሚቆጠር አምፖል ዓይን ሳይጨፈን ደቀቀ። አጣሪዎቹ ጠየቁ። ድምፅ? አልሰማሁም አለ። የወለሉ ኃላፊ ኦቺ ነበረች አለ፣ እሱስ እውነት ነው፣ የሚያቃጥለኝም እሱ ነው። ካሜራ ፊት አብረን ይቅርታ እንጠይቃለን አለኝ፣ አጎነበስን፣ እሱ ቀና አለ፣ እኔ ወገቤ ታጥፎ ቀረ፣ በማግስቱ ጋዜጣው ላይ የወጣው የኔ ማጅራት ነው። በቁሜ ቀበረኝ። አሁን ለፈተና የደረሱ ልጆችን ሒሳብ አስጠናለሁ።

እኔስ ግድ የለም፣ የአባቴ ነው እንጂ። የሰፈሩ መታጠቢያ ቤት ሄዶ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር መቀመጥ ነበር ደስታው፣ አንዱ፣ አምፖሉን የረገጠችው ያንተ ልጅ ናት አሉ፣ አለው። ከዚያ ወዲህ አልሄደም፣ እቤት ብቻውን ታጠበ፣ እስኪሞት። ረግጠሻት ነው እንዴ ልጄ? አለኝ አንዴ፣ አልረገጥኩም አባዬ አልኩት፣ እሺ አለ፣ እሺታው ግን የማመን አልነበረም። ይህን ነው የማልተወው፣ ሌላውን ሁሉ ወስዶ ይሂድ።

አበባውን ኦቺ ትስጠኝ ያሉት እሳቸው ናቸው፣ ብላኛለች ሃማና፣ ያለፈው አለፈ ተባብለን እንለያይ ብለው። የት አባቱ! አለፈ ማለት የማን ነው? እምቢ ልል ነበር፣ ከዚያ ድምፅ ማጉያ እንደሚሰጠኝ ሰማሁ፣ እጄ ላይ ወደቅህ አልኩ፣ መጣሁ። አበባውን ሰጥቼ፣ ተረከዝዎ ደህና ነው ወይ? ብዬ እጀምራለሁ፣ ከዚያ እያንዳንዷን፣ ጭብጨባቸው እጃቸው ላይ ይድረቅ፣ አንጀቴ ዛሬ ቅቤ ይጠጣል።

ስሜ ይጠራል። እሄዳለሁ። አንሷል፣ ኮሌታው ሰፍቶታል፣ እንዳታሳዝነኝ፣ ኧረ አታሳዝነኝም። አበባውን እሰጣለሁ፣ እሱም ያጎነብሳል፣ እኔም አጎነብሳለሁ፣ ጆሮዬ አፉ አጠገብ ይሆናል።

ኦቺ፣ ይላል በሹክሹክታ፣ ያን ቀን ድምፁን ሰምቼው ነበር። ይቅር በይኝ።

ሰምቼው ነበር አለ። ሃያ ዓመት የፈለግኳት ቃል፣ ይቺው ናት፣ ዕንባዬ ይመጣል፣ እሺ ልለው ነው፣ አፌ ላይ ደርሷል፣ አይ። አይ አይ አይ። ለኔ? እኔማ አውቃለሁ፣ እዚያው ነበርኩ! ያኔ ካሜራ ፊት አዋርዶኝ አሁን በጆሮዬ ሹክ ብሎ ሊገላገል፣ ማታ ሳኬውን ጠጥቶ ጥሩ እንቅልፍ ሊተኛ!

ድምፅ ማጉያው እጄ ገብቷል። ያዘጋጀሁትን እተወዋለሁ፣ ከኔ አፍ ቢወጣ ቂመኛ ሴት ነች ብለው እራታቸውን ይበላሉ።

ፕሮፌሰር፣ እላለሁ፣ አሁን ለኔ የነገሩኝን ለሁሉም ይንገሩልኝ።

ድምፅ ማጉያውን አገጩ ሥር እይዝለታለሁ። አዳራሹ ይስቃል፣ ቀልድ መስሎት፣ ከዚያ መሳቁን ይተዋል። ሃማና ክንዴን ትይዛለች፣ ወይዘሮ ኦቺ እባክዎ ትላለች፣ አልንቀሳቀስም። ትንፋሹ በድምፅ ማጉያው ገብቶ ከጣሪያው ይወርዳል፣ እያንዳንዱ ሰው ይሰማዋል። ያየኛል፣ ተይኝ ይላል ዓይኑ፣ አባቴ ሳያምነኝ ነው የሞተው ይላል የኔ፣ ይበሉ፣ እላለሁ፣ እየጠበቅን ነው፣ አፉን ይከፍታል፣