ከሣጥኖቹ ጀርባ

የልብስ ሰፊዋ ወንድም እንደሚለው፣ ባለፈው ሳምንት ሦስት ሙሽሮች ልብስ ሊያሰፉ መጥተው ነበር። እሷ እንደምትለው ደግሞ፣ ሦስቱም የመጡት የጎረቤቱን ፎቶ ቤት በር ስተው ነው።

ወንድሟ ከንግድ ሥልጠና ተመልሶ የንግድ ዕቅድ የሚሞላበት ዘጠኝ ሣጥን የሣለበትን ትልቅ ወረቀት ግድግዳው ላይ ከለጠፈ ወዲህ በሱቁ ሰላም የለም። «ደንበኞች» በሚለው ሣጥን ውስጥ «ሙሽሮች» ብሎ ሁለቴ አስምሮበታል። ነገ የሚሰቀለው ማስታወቂያም ይህንኑ ሊል ነው።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ የሰፋሁት የተማሪ ልብስ ነው።»

«አንቺ ትልቅ ማሰብ እንቢ አለሽ!»

«ማሰቡስ አላቃተኝም። ማንን ለክቼ እንደምሰፋ ነው የጨነቀኝ።»

«ሣጥኑን አንብቢው፣ ተጽፏል።»

በዚህ መሀል አንዲት እናት የሁለት ሴት ልጆቿን የትምህርት ቤት ልብስ ለማሰፋት ጨርቅ ታቅፋ ገባች። ልብስ ሰፊዋ ቀደም ሲል ወረቀት ላይ የነደፈችውን የቀሚስ ልክ ብትፈልግ፣ መደርደሪያው ላይም ጠረጴዛው ሥርም የለም። ቀና ስትል ከሣጥኖቹ ጀርባ የራሷ የእርሳስ መስመር ደብዝዞ ታያት።

«በኔ ልክ ላይ ነው የሣልከው?»

«ምን ላድርግ፣ ሌላ ትልቅ ወረቀት አጣሁ» አለ አንገቱን እያሻሸ።

ወረቀቱን ከግድግዳው አነሣች፤ ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና መቀሷን ያዘች።

«ኧረ ተይ፣ ሣጥኖቹ!»

«እቆርጠዋለሁ» አለች እናትየዋም እንድትሰማ ጮክ ብላ። «ይህ ሱቅ የተማሪ ልብስ ይሰፋል፤ ማስታወቂያው ላይም እንደዚያው ብለህ ጻፍ።»