የሚከራይ የትውልድ ሐረግ

ማንዱ ኻን የሙሽራ መሸኛውን ዜማ ሲጀምር ከእንግዶቹ አንዷ ፓፓያዋን በቢላ ትቆርጥ ነበር። ዜማው ልጅቱ ከአባቷ ደጅ ወጥታ ግመል ላይ ስትወጣ፣ እናትዋም መሬት ላይ ስትንከባለል የሚዘፈን ነው። የዚህ የበረሃ መንደር፣ የቢንዳሳር ሰው ይህን ዜማ ያለ ሠርግ ከሰማ የሆነ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ደርሷል ብሎ በሩን ይከፍታል። እዚህ፣ በጌቶቹ አሮጌ ግቢ ሰገነት ላይ ግን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል የቁርስ ማወራረጃ ሆኗል። ሴትዮዋ ጎረሰች፤ መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነችና በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ ዓይኗን ሳትገልጥ በዳበሳ ስልኳን አነሣች።

ማንዱ ኻን ናቃት። ንቀቱን ለመደበቅም አልተቸገረም። አንገቱን ደፍቶ የካማይቻ መሰንቆውን ጅማት በደጋኑ ሲገዘግዝ ላየው ሰው በዜማው የተመሰጠ ይመስላል። በሦስት ዓመት ውስጥ ከእነዚህ እንግዶች የተማረው ዋና ነገር ይህ ነው፤ ንቀትና ተመስጦ ፊት ላይ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው።

እንግዶቹ ከሙምባይ፣ ከዴልሂና ከቤንጋሉሩ የሚመጡት ለአምስት ቀን ነው፤ ስሙም “የልብ ፈውስ ጉዞ” ይባላል። ማክሰኞ አሸዋ በሙጫ እየለጠፉ ሥዕል ይሠራሉ። ረቡዕ በግመል ሄደው ባዶውን በረሃ አይተው ይመለሳሉ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ያለቅሳሉ፤ ማልቀሱ በፕሮግራሙ ላይ ተጽፏል። የምትመራቸው አናያ የምትባል የሙምባይ ሴት ናት፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስትናገር የቤቱ ሠራተኞች የታመመ ሰው ያለ እየመሰላቸው ኮቴያቸውን አጥፍተው ይራመዳሉ። የግቢው ጌታ ኪርቲፓል ሲንግ ደግሞ ጎዋ ሄዶ የስምንት ቀን ሥልጠና ወስዶ፣ ጠጉሩን ቋጥሮና ነጭ በነጭ ለብሶ ተመልሷል። ከዚያ በፊት ሞተር ብስክሌት ሊነግድ ሞክሮ ከስሮ ነበር።

ቁርሱ ሲነሣ ኪርቲፓል ሲንግ ጠራው። እንግዶች ፊት “ኡስታድ” እያለ ያቆላምጠዋል፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ማንዱ ነው።

“ማንዱ፣ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የቤቱን ሐረግ ትቆጥራለህ” አለው።

“ምን ተገኝቶ ጌታዬ? ልጅ ተወለደ እንዴ?”

“ሱንዳሬሽን ታውቀዋለህ፣ ያን ወፍራሙን። የአባቴን ስም ትላለህ፣ የእኔን ትላለህ፣ ከእኔ ቀጥለህ የሱን።”

“የሱን ምን ብዬ?”

“የቤቱ ልጅ ብለህ ነዋ። ‘ሥር የለኝም’ እያለ ሦስት ቀን አለቀሰ። ሥር እንስጠው። ለዚህች ብቻ ስንት እንደከፈለ ብነግርህ ከሰገነቱ ትወድቃለህ።”

“ሰውየው ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እርስዎ ሠላሳ አራት። በስንት ዓመትዎ ወለዱት ልበል?”

ኪርቲፓል ሲንግ አልሳቀም። “ቃላት ናቸው ማንዱ። ተኝተው ነው የሚሰሙት፤ አንዱም ቋንቋህን አያውቅም። ካልፈለግህ በአንድ ስልክ ልጅ እግር ዘፋኝ ይመጣልኛል፣ ማይክራፎኑን ይዞ።”

ይህን ብሎ ሄደ። ማንዱ ኻን የቆመበት ቀረ።

ቃላት ናቸው። የማንዱ ኻን አባቶች ለስምንት ትውልድ በዚህ ቤት ደጅ ቆመዋል። በእነሱ ወገን፣ በማንጋኒያሮች ዘንድ፣ ሐረግ በወረቀት አይጻፍም። ወንድ ልጅ ሲወለድ ዘፋኙ ይጠራል፤ ስሙን በአፉ ያስገባዋል፤ ከዚያ በኋላ ያ ልጅ አለ ማለት ነው። በአያቱ ጊዜ የመሬት ክርክር ቢነሣ ዳኛው መዝገብ አልጠየቀም፤ ዘፋኙን አቁሞ አስቆጠረው። ቤቱም በተራው የዘፋኙን ሴቶች ልጆች ይድራል፤ ዝናብ ሲጠፋ እህል ይሰፍርለታል። ደጅ የሌለው ማንጋኒያር የሠርግ ባንድ ነው፤ ዛሬ እዚህ፣ ነገ የመኪና ምርቃት ላይ። ማንዱ ኻን ዛሬ ማታ ከሁለት አንዱን ማጣቱ ነው፤ ወይ ደጁን፣ ወይ አፉን።

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለዜቡ ነገራት። ታዝንልኛለች ብሎ ነበር። እሷ ግን የማሽላ ቂጣዋን እያገላበጠች፣ “ታዲያ ዛሬ ምን አዲስ ነገር መጣና ነው?” አለችው። “የሙሽራን ለቅሶ ለፓፓያ ስትዘፍን ከርመህ አሁን ስም ላይ ስትደርስ ክብር ትዝ አለህ? የዝናቡን ዜማ በጠራራ ፀሐይ ዘፍነህላቸው የለ? እኔ እኮ ያን ቀን ነው ያፈርኩልህ።”

እንግዶቹን ሲንቅ ሦስት ዓመት ከርሟል፤ ራሱን ግን አውቆ ከሒሳቡ ሲያስወጣው ኖሯል። ቂጣውን ሳይጨርስ ተነሣ።

ወደ ግቢው ሲመለስ በማሳ መስኮት ሥር አለፈ። ማሳ የኪርቲፓል እናት ናቸው፤ የቤቱ ሰው በሙሉ እንዲህ ነው የሚጠራቸው። ባላቸው፣ የቀድሞው ጌታ ታኩር ጎርዳን ሲንግ ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ እንግዳ ፊት ወጥተው አያውቁም። ባላቸው የሞቱ ጊዜ እህል አልቀምስም ብለው ነበር። ማንዱ ኻን ማንም ሳይጠራው ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ ካለ ቃል፣ ጅማቱን ብቻ እያስጮኸ ሦስት ቀን ተጫወተ። በአራተኛው ቀን ከላይ ድምፅ መጣ፤ “የንጋቱን ድገመው” የሚል። ደገመው። ያን ቀን ማሳ ምስር ወጥ ቀመሱ። ከዚያ ወዲህ በየንጋቱ ይጫወትላቸዋል። ማንም ይህን ፈውስ ብሎ ጠርቶት አያውቅም፤ ፕሮግራምም አልወጣለትም። ዛሬ ከመስኮቱ ሥር ቆሞ ሊነግራቸው ፈለገ፤ ግን “ልጅዎ የልጅ ልጅዎን ቦታ አከራየው” ተብሎ ለእናት እንዴት ይነገራል? መንገዱን ቀጠለ።

ሱንዳሬሽ አሥር ሰዓት ላይ ራሱ ፈልጎ አገኘው። አዲስ የተገዛ፣ የጌቶቹን ዓይነት የራጅፑት ጥምጣም ራሱ ላይ ደፍቶ፣ ጫፉ ዓይኑን እየወጋው ነበር። የማንዱን ሁለት እጅ ጨብጦ ዛሬ እንደገና ሊወለድ መሆኑን ሁለቱም በሚያውቁት ሂንዲ ነገረው። ማንዱ ኻንን ነገሩ አሳቀውም፣ አስጠላውም። እስቲ ልስማው ብሎ ጠየቀው፤

“የአባትዎ ስም ማን ነው?”

“ቬንካታራማና። ግን እሱ አያስፈልግም፣ ኪርቲፓል ነግሮኛል።”

“በሕይወት አሉ?”

“አለ። ማይሶር፣ የአረጋውያን ቤት ነው። በጣም ጥሩ ቦታ ነው፣ የአትክልት ቦታ አለው።”

“ካዩዋቸው ስንት ጊዜ ሆነ?”

ሱንዳሬሽ አሰበ። ሁለት ዓመት ግድም ብሎ፣ ከዚያ ወዲህ ጉዞ ላይ እንደነበረ አብራራ። ባሊ ሄዷል፤ ሂማላያ ሄዷል፤ ፔሩ ድረስ ሄዶ ከበሮ ተመትቶለታል። ራሱን እየፈለገ ነው። ይህን ሲናገር ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እንባው የእውነት ነበር፤ ማንዱ ኻንን ያናደደውም ይኸው ነው። ሰውየው ቢዋሽ ይሻል ነበር። የሁለት ሰዓት የአውሮፕላን መንገድ ሄዶ የአባቱን እጅ መያዝ የሚችል ሰው፣ የሌላ ሰው አባቶች በኪራይ እንዲቆጠሩለት በረሃ ድረስ መጥቶ ያለቅሳል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በግቢው መካከል ምንጣፍ ተነጠፈ። አሥራ ሁለቱ እንግዶች በጀርባቸው ተንጋለሉ። አናያ እስትንፋሳቸውን እንዲከተሉ በሹክሹክታ አዘዘቻቸው። ሐረጉ ሊቆጠር ነው ሲባል ወጥ ቤቷ፣ ዘበኛውና ሦስቱ የግመል ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው በግድግዳው ጥግ ቆሙ። ቆመው የሚሰሙት አምስት ናቸው፤ ተኝተው የሚሰሙት አሥራ ሁለት። ኪርቲፓል ሲንግ መሐል ላይ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል፤ ሱንዳሬሽ ጥምጣሙን እንዳደረገ ከጎኑ ተጋድሟል።

ማንዱ ኻን ጀመረ። መሥራቹን ጠራ፤ ውኃ የቆፈረውን ልጁን ጠራ፤ በጦርነት አንድ እጁን የሰጠውን ጠራ። አራተኛውን ብሎ ወደ ስድስተኛው አለፈ። አምስተኛው አይጠራም። በረሃብ ዓመት የጉድጓዱን አፍ በቁልፍ ዘግቶ መንደሩን ስላስጠማ የጊዜው ዘፋኝ ስሙን ከአፉ አወጣው፤ ማንም ደግሞ አልመለሰውም። ማንዱ ኻን የዚያን ሰው ስም አያውቅም። አባቱም አያውቅም ነበር። ስንት ጊዜ በዚህች ክፍተት ላይ ተሻግሯል፤ እንደ ዛሬ ግን ቆም ብሎ ወደ ውስጥ ያየበት ቀን የለም።

ሰባተኛውን፣ ስምንተኛውን አለ። ሎንካራን ሲንግን አለ። “የሎንካራን ልጅ፣ ማጀቱ የማይጎድል፣ ታኩር ጎርዳን ሲንግ” አለ። ኪርቲፓል ሲንግ ወገቡን አቀና። ማንዱ ኻን ደጋኑን ከጅማቱ ላይ አነሣ።

“ቤቱ እስከዚህ ነው” አለና ካማይቻውን ጭኑ ላይ አስተኛው።

ወጥ ቤቷ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ዘበኛው መሬት መሬት አየ። የኪርቲፓል ሲንግ ፊት አመድ መሰለ፤ ጎዋ ስምንት ቀን ቢሰለጥንም ያልተጠራ ስም ምን ማለት እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል፤ እዚሁ ነው የተወለደው። ተነሥቶ እንዳይጮህ አሥራ ሁለት ከፋይ እንግዶች ተኝተዋል። ሱንዳሬሽ ግን ተነሥቶ ተቀመጠ፤ ጉንጩ በእንባ ርሷል።

“ስሜን ሰማሁት” አለ ለአናያ። “ሲጠራኝ መላ ሰውነቴን ነዘረኝ።”

“እኔም ሰምቼዋለሁ” አለች አናያ።

ማንዱ ኻን ሳቁ መጥቶበት ከንፈሩን ነከሰ። ወዲያው ሳቁ ጠፋ። ሐረግ ተቆጥሮ ሲያልቅ ቤቱ በሳህን የሸንኮራ ግግር ያወጣለታል፤ ያ የቤቱ ቃል ነው፤ የተባለው እውነት ነው ማለት ነው። ግግር ካልወጣ ዘፋኙ ዋሽቷል፤ በዚያ ደጅ ዳግመኛ አይቆምም። ኪርቲፓል ሲንግ ይህን አስቦ ነበር፤ ለወጥ ቤቷ እንዳትንቀሳቀስ በእጁ ምልክት ሰጣት። እሷም አልተንቀሳቀሰችም።

ይህን ጊዜ የደረጃው በር ተከፈተና ማሳ ወረዱ። ሻሻቸው እስከ አገጫቸው ወርዷል፤ ሳህኑን ራሳቸው ይዘዋል። በተንጋለሉት እንግዶች መካከል፣ አንዱንም ሳይረግጡ አንዱንም ሳያዩ፣ መጥተው ማንዱ ኻን ፊት ቆሙ። ኪርቲፓል ሲንግ ብድግ ብሎ፣ “ማሳ፣ ሰውየው አርጅቷል፣ ረስቶ ነው” አላቸው።

“አንተን አልጠየቅሁም” አሉ። ከዚያ ወደ ማንዱ ኻን ዞሩ። “ማንዱ፣ የረሳኸው አለ?”

የተከፈተለት የእንጀራ በር ነበር። “አዎ፣ ዕድሜ ነው” ቢል ነገ ጠዋት እዚያው ሰገነት ላይ ነው፤ ዜቡም ለእህል አታስብም። ራሱን ቀና አደረገ።

“የለም ማሳ። ሙሉ ነው።”

ማሳ ሳህኑን በአንድ እጃቸው ያዙ። ትንፋሻቸው ሻሹን ሲያነቃንቀው ይታየዋል። ከዚያ ግግሩን ሰበሩና ትልቁን ቁራሽ በማንዱ ኻን መዳፍ ላይ አኖሩ። ልጃቸው እንደ ልማዱ ድርሻውን ሊቀበል እጁን ዘረጋ፤ እሳቸው ግን ሳህኑን ይዘው ደረጃውን ወጡ።