የሰርጋቸው ግጥም

«የቀብሩን መዝሙሮች መርጠን ጨርሰናል» አሉ ቄሱ። «ከመጽሐፍ ቅዱሱ ሌላ ለባለቤትዎ እንዲነበብላቸው የሚፈልጉት ነገር አለ?»

ኢኒድ አፏን ከመክፈቷ በፊት ልጇ ብሪጅት ቀደመቻት። የሰርጋቸው ግጥም አለ አይደል፣ ያ ስለማይለወጥ ፍቅር የሚያወራው፤ አባቷ ክሊፎርድ ጠዋት ጠዋት ፂሙን ሲላጭ ሳይቀር በቃሉ ይለው የነበረው። እኔው አነበዋለሁ አለች። ቄሱ ያውቁታል። እዚህ አገር ያንን ግጥም ሰርግ ላይ ያልሰማ ቄስ ከየት ይገኛል? ፈገግ ብለው ሻያቸውን ፉት አሉ።

«እሱ አይነበብም» አለች ኢኒድ።

ለምን ብሎ የጠየቃት የለም። ቄሱ በሌላ ቀን እንነጋገርበታለን ብለው ኮታቸውን ለብሰው ወጡ።

ክሊፎርድ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። አስከሬኑ ቀብር አስፈጻሚዎቹ ዘንድ ተራውን ይጠብቃል። ጎረቤት ድንችና ሥጋ ጋግሮ በትሪ ያመጣና፣ ከደጃፍ ላይ «የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ እንዳታፍሪ» ብሎ እግሬ አውጪኝ ይላል። የሚያለቅስ የለ፣ የሟችን ስም የሚያነሳ የለ። ማቀዝቀዣው ሞልቷል፤ የሚበላው ግን ጠፍቷል።

ክሊፎርድ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበር። ሰርጋቸው ላይ ዓይን ዓይኗን እያየ ያንን ግጥም አንድ ቃል ሳይስት በቃሉ ተወጣው። አሥራ አራት መስመር ነው፤ ውበት ይርገፍ፣ ዘመን ይክዳ፣ እውነተኛ ፍቅር ካለበት ንቅንቅ አይልም ነው ነገሩ። አመነችው። የሃያ ዓመት ልጅ ናት፣ ለምን አታምነው?

ኋላ ያ የመርሳት በሽታ መጣ። ምድጃ ለኩሶ ይወጣል፤ በፒጃማው ከቤታቸው በታች ወዳለው ባሕር ይወርዳል። አቅም ሲያጥራት እያለቀሰች የአረጋውያን መጦሪያ አስገባችው፣ በየቀኑም ትጠይቀው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስትገባ፣ እዚያው ከምትጦር ዲሊስ ከምትባል አሮጊት ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ አገኘችው። «ይተዋወቋት፣ ባለቤቴ ናት» አላት፣ በጨዋ ደንብ። ከዚያ ወደ ዲሊስ ዞሮ ግጥሙን ጀመረላት። የገዛ ልጁን ስም የረሳ ሰው ከግጥሙ አንዲት ቃል አላጎደለም። ኢኒድ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ እንደቆመች እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ወዲህ እግሯ እየከበዳት ሄደ። ከገና ወዲህማ ጭራሽ ደጁን አልረገጠችም።

ብሪጅት ይህን ሁሉ አታውቅም። ቄሱ እንደወጡ ጀርባዋን ለእናቷ ሰጥታ ስኒዎቹን ታጥብ ጀመር።

«የመጦሪያው ሰዎች ከገና ወዲህ አንድ ቀን አልመጣችም ብለውኛል። ታዲያ ያን ግጥም ብትፈሪው ምን ይገርማል?»

ኢኒድ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እዚያው ለምትጦር ዲሊስ ለምትባል ሴት ይልላት ነበር። በየቀኑ። ሚስቴ ናት ብሎ አስተዋወቀኝ።»

ብሪጅት ውሃውን ዘጋችው። «ታሞ እኮ ነው፣ እማዬ።»

«መታመሙ ጠፍቶኝ ነው? የሱ ፍቅር ካልተለወጠ እኔ የት ገባሁ? የኔስ ካልተለወጠ እንዴት ጥዬው ቀረሁ? ሰው ሁሉ ጀርባዬን እያየ ያንን ቁጭ ብዬ ልስማ?»

ልጅቷ እጇን እያደረቀች፣ አባባ ያለዚያ ግጥም ከተቀበረ እኮ የምንቀብረው ሌላ ሰው ነው አለች። ኢኒድ መከራከር ታከታት። እንደፈለግሽ አድርጊ ብላት ተነሳች። የዚያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

በቀብሩ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ግማሹን እንኳ አልሞላም። የፊተኛው ረድፍ የቤተሰብ ነው፤ ባዶ ቢያድር እንኳ ሌላ ሰው አይደፍረውም። ብሪጅት ልታነብ ስትወጣ ኢኒድ ብቻዋን ቀረችበት። ልጅቷ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ስታሰማ የኢኒድ ፊት ጋለ። ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ ቶሎ ባለቀልኝ ትላለች።

ከኋላ ዘገምተኛ ኮቴ ተሰማ። ዲሊስ ከመጦሪያው ካመጣቻት ተንከባካቢ እጅ አምልጣ፣ ግጥሙን ስትሰማ ጊዜ፣ በመካከል መተላለፊያው ወደ ፊት እየመጣች ነው። ብሪጅት ንባቧን አቋረጠች። አሮጊቷ ግራ ቀኙን እያየች መጥታ ከኢኒድ አጠገብ ቆመች።

«እህቴ» አለቻት፣ «ባለቤቴ እዚህ ነው ብለውኝ ነበር። ይሄ ቦታ ሰው አለው?»

ተንከባካቢዋ ይቅርታ፣ ይቅርታ እያለች ሮጣ ደረሰች። ኢኒድ ቀና ብላ ዲሊስን አየቻት። ከልቧ ጠላቻት። ደግሞም ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ክሊፎርድን የሚፈልግ ከሷ በቀር አልነበረም።

ኢኒድ ቦርሳዋን ከአጠገቧ ካለው ቦታ አነሳችና ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።